ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ ለምን ለሰለሰ?

ጥያቄ፦ «መኪናዬ የ2006 እ.ኤ.አ. ስሪት ቪትዝ፣ አውቶማቲክ ናት። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ወርጄ ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል የፍሬኑ ፔዳል ድንገት ለስልሶ ወለል ድረስ ገባ። ደጋግሜ ስረግጠው ያዘልኝ። ደጀን ወጥተን ምሳ በልተን ስንነሳ ግን እንደ ድሮው ጠንካራ ሆነ። አዲስ አበባ ስመለስ መካኒክ አይቶ ፓዱም ዘይቱም ደህና ነው አለኝ። አሁን ለበዓል ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ልሄድ ነው። ጓደኞቼ ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ውረደው፣ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ሞተሩም ያርፋል ይሉኛል። ፍሬኑ ከሸተተህ ጎማው ላይ ውሃ አፍስስበት፣ ሙቀቱንና የከባድ መኪናውን ብዛት ለመሸሽ ደግሞ በሌሊት ሂድ ብለውኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ምላሽ፦ ፍሬንዎ ደህና አይደለም። ደጀን ላይ ፔዳሉ የጠነከረው ስለበረደ ብቻ ነው፤ ችግሩ እዚያው አለ፣ በሚቀጥለው ቁልቁለትም ይመለሳል። ከጓደኞችዎ ሦስት ምክሮች ውስጥ አንዱም የሚሠራ የለም፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ባለፈው ዓመት የገጠመዎትን ዓይነት ችግር የሚያመጣ ዋናው መንገድ ነው።

የሆነው ይኼ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። በጎማ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል በዓመት በዓመቱ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይገባበታል። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ የጠጣው ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርዎን ፍሬኑ ላይ ጥለው ሲወርዱ ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ፓዱ ጨብጦ የሚያቆመው የብረት ሰሃን፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ያ ሙቀት በፓዱ ጀርባ ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግርዎ የላከው ግፊት አረፋውን ሲጨምቅ ያልቅና ፓዱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ደጋግመው ሲረግጡ የያዘልዎት እያንዳንዱ ርግጫ ተጨማሪ ዘይት ወደ መስመሩ ስለገፋ ነው። መኪናው ቆሞ ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆነ፣ ፔዳሉም ጠነከረ።

ድልድዩ አጠገብ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ሙቀት ከዲስኩ ወደ ዘይቱ ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። ብዙ ጊዜ ፔዳሉ የሚጠፋው በጣም በሚረገጥበት ኩርባ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ ሹፌሩ «አለፍኩት» ብሎ እግሩን አንስቶ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሲረግጥ ነው።

መካኒኩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ያየው የዘይቱን መጠን ነው፤ መጠኑ ልክ ነበር። ውሃ የጠጣ ዘይት መጠኑ አይጎድልም። ቀለሙን ማየት ትንሽ ይረዳል፦ አዲስ ዘይት እንደ ጠራ ጠጅ ብርሃን ያሳልፋል፣ የቆየው እንደ ቀጠነ ቡና ይጠቁራል። ሆኖም ሳይጠቁር ውሃ የጠጣ ዘይትም አለ፣ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይፈረድም። የእርጥበት መለኪያ እስክሪብቶ ያለው ጋራዥ ካገኙ ያስለኩት፤ ካላገኙና ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ወይም መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ፣ ሳይለኩም ይቀየር።

ከመቀየርዎ በፊት ግን ሌሎቹን ጥፋቶች ማጣራት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ቢያንስ በሦስት መልክ ይመጣልና መድኃኒቱ ይለያያል። ሞተሩን አስነስተው መኪናው እንደቆመ ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ይርገጡና ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለል የሚሰምጥ ከሆነ የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ እያሳለፈ ነው ወይም የሆነ ቦታ ዘይት ይፈሳል፤ ዘይት መቀየር አያድነውም። መኪናው በርዶም ሁልጊዜ እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን የማይቆም ከሆነ ደግሞ ወይ ፓዱ ከሙቀት ብዛት መያዝ አቅቶታል፣ ወይ የፍሬኑ አጋዥ ሰርቮ ቫኩም አጥቷል። የእርስዎ ሲበርድ ደህና፣ ሲግል ለስላሳ መሆኑ የፈላ ዘይትን ያመለክታል። ይህን ያህል ከጋለ በኋላ ግን ፓዶቹም መውጣትና መታየት አለባቸው። ፊታቸው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ተቃጥለዋል፤ ውፍረታቸው ቢተርፍም ይቀየሩ። አዲስ ፓድ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ጉዞ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ፓድ አይነሡ፣ የሳሳ ፓድ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ቶሎ ያሳልፋልና።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት መንገዱ 1400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው፣ ያለ እረፍት። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነች ቪትዝ 1350 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ይህ ክብደት ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ በእያንዳንዷ ሰከንድ የሚወጣው ኃይል ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ እንደተለኮሰ ያህል ነው፤ በ60 ቢወርዱ አራት ተኩል ምጣድ ይሆናል። ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረው ወይ በሞተሩ ይያዛል፣ ወይ በፍሬኖቹ፣ በአብዛኛው በእነዚያ የሰሃን ስፋት ባላቸው ሁለት የፊት ዲስኮች ላይ ይነድዳል። ሦስተኛ መሄጃ የለውም።

ስለዚህ ፎሌ ማለት ሞተሩን ከሥራ አስወጥቶ ሸክሙን በሙሉ ዲስኩ ላይ መጫን ነው። የነዳጅ ቁጠባውም ስህተት ነው። ቪትዝ ነዳጇን በኢንጄክተር የምትወስድ መኪና ናት። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይረጫል። ምክሩ የመጣው ከካርቡሬተር ዘመን ነው፤ ያኔ ጥቂት ነዳጅ ይተርፍ ነበር፣ አደጋው ግን ያኔም ያው ነበር። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፦ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኩም ሁለት ሦስት ርግጫ ቢረዳ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል።

አወራረዱን እንያዝ። ጎሐ ጽዮን ከተማ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ። በእርስዎ መኪና ካምቢዮው ሲቪቲ (በደረጃ የተከፋፈለ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ከ«ዲ» በታች «ኤስ» እና «ቢ» የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ከሆነ «2» እና «ኤል» ናቸው፣ በማንሻው ላይም የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ካለ እሱን ያጥፉት። በ«ኤስ» ወይም በ«2» ይጀምሩና እግርዎን ከሁለቱም ፔዳል ያንሡ። መኪናው በ40 አካባቢ ራሱን ከያዘ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። እየፈጠነ ከሄደ በፍሬን ወደ 30 አውርደው «ቢ» ወይም «ኤል» ያስገቡ። የቪትዝ ሞተር ትንሽ ስለሆነ የመያዝ አቅሙም ትንሽ ነው፤ ቁልቁለቱ ጠንከር ባለበት ክፍል «ቢ» ወይም «ኤል» እንደሚያስፈልግዎ ከአሁኑ ይቁጠሩት። ሞተሩ ይጮሃል። በደቂቃ ከ3000 እስከ 4000 ዙር ቢያሳይ ምንም አይሆንም፤ ብዙ ሰው ይህን ጩኸት ፈርቶ ወደ «ዲ» ይመልሰዋል፣ ከዚያ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል። መቁጠሪያው ላይ ቀዩ መስመር እስካልተቃረበ ድረስ ይጩህ።

ባለ እጅ ማርሽ ለሚነዱ አንባቢዎች፦ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከአፋፉ በፊት የገባ። መሃል ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለማውረድ ሲሞክሩ መኪናው ፈጥኖ ማርሹ እምቢ ካለ ፎሌ ላይ ቀሩ ማለት ነው፣ እና ከዚያ ማስገባት ከባድ ነው። ፍሪሲዮን ላይ እግር ማሳረፍም ከፎሌ አይለይም።

ፍሬን የሚረገጠው ፍጥነት ለመቀነስ እንጂ ፍጥነት ለመጠበቅ አይደለም። 45 ሲደርስ ጠንከር ብለው ይርገጡ፣ በሦስት አራት ሰከንድ 30 ላይ ያምጡት፣ ከዚያ እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሡ። «ደግሞ ደጋግሞ መርገጥ ሙቀቱን ይቀንሰዋል» የሚባለውን ግን በልኩ ይውሰዱት። ሞተሩ ካልያዘ በስተቀር አጠቃላይ ሙቀቱ ያው ነው። ልዩነቱ በርግጫዎቹ መካከል ዲስኩና ፓዱ ይላቀቁና አየር ያገኛሉ፣ እርስዎም በየርግጫው የፔዳሉን ጥንካሬ ይለካሉ። እግሩን ለ20 ኪሎ ሜትር ያላነሣ ሹፌር ፔዳሉ እየሰመጠ መሆኑን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። የተለመደው ርግጫ ትንሽ ጠልቆ ሲገባ፣ ወይም የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ሲመጣ፣ ሰፊና ቀጥ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙ። ከጎሐ ጽዮን ወርደው አጋማሹ ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም ሃያ ደቂቃ መቆም በትንሽ መኪና ጥሩ ልማድ ነው።

ውሃው ጋ እንምጣ። የጋለ የብረት ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ወይም ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ በኋላ በረገጡ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የተሰነጠቀውም አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። ውሃው የውጩን ገጽ ሲያቀዘቅዝ ውስጥ ያለው ዘይት አሁንም እንደፈላ ነው፣ ሹፌሩ ግን በረደ ብሎ ይነሣል። ከባድ መኪኖች ሲያደርጉት አይተው ይሆናል፤ የእነሱ ታምቡር (በዲስክ ፋንታ ያለው ከበሮ መሰል ብረት) ወፍራም ነው፣ ፍሬናቸውም በአየር ስለሚሠራ የሚፈላ ዘይት የለውም። ለእነሱም ቢሆን ታምቡር ሊሰነጥቅ ይችላል። የእርስዎ መኪና በአየርና በጊዜ ብቻ ይብረድ። ሲቆሙ «ፒ» ያስገቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ፣ እግርዎን ከፍሬኑ ያንሡ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ፓድ ተጭኖ ሲቆይ ቅርጹን ያትምበታል። የእጅ ፍሬኑም በጋለ ታምቡር ላይ ጠብቆ ሲበርድ ሊነክስ ስለሚችል ታኮው ይሻላል።

ሌሊት አይሂዱ። ከውጭ ያለው አየር 35 ዲግሪ ይሁን 22፣ ለ300 ዲግሪ ዲስክ ልዩነቱ ኢምንት ነው። በአንጻሩ ሌሊት የሚያጡት ብዙ ነው። በረሃው ውስጥ የተበላሸ ከባድ መኪና ያለ መብራት መንገድ ላይ ይቆማል። ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ አስፋልቱ ላይ የተደረደረ ድንጋይና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ በቀን ከሩቅ ይታያል፤ በሌሊት የመኪናዎ መብራት ከኩርባው ሲዞር ድንገት ፊትዎ ላይ ይመጣል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ደግሞ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። እርስዎም ድንጋይ ለታኮ ከተጠቀሙ ሲነሡ ከመንገዱ ያውጡት። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሡ፣ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎሐ ጽዮን ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። እዚያ ግማሽ ሰዓት ዐርፈው፣ ልጆቹን አናፍሰው፣ ጉሙ ከተነሣ በኋላ ይውረዱ።

መንገዱ ራሱም የሚንቀሳቀስ መሆኑን ይወቁ። የሸለቆው ግድግዳ ከላይ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና ለስላሳ አፈር የተነባበረበት ነው። የክረምት ውሃ ሲሰርግበት መሬቱ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት የተጠገነ ቦታ ዛሬ ሊሰነጠቅ ወይም እንደ ማዕበል ሊያብጥ ይችላል። እንዲህ ባለው እብጠት ላይ ፈጥነው ሲሄዱ ጎማዎቹ ለቅጽበት ይቀልላሉ፣ ያን ጊዜ የተረገጠ ፍሬን ጎማውን ያንሸራትታል። ፍሬንዎን ከእብጠቱ በፊት ይጨርሱ፣ በላዩ ላይ እግርዎን አንሥተው ይለፉ። ሐምሌና ነሐሴ ከከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ሰዓታት ድንጋይ ይወድቃል፣ ሁለቱም አፋፎች ላይ ጉም ይወርዳል። በጉም ውስጥ አጭር መብራት ይጠቀሙ፤ ረጅሙ ተመልሶ ዓይንዎን ያሳውራል። ከደረቅ ሳምንታት በኋላ የሚጥል የመጀመሪያ ካፊያ ደግሞ ከዶፉ የከፋ ነው፣ በኩርባዎቹ ላይ የተንጠባጠበውን ናፍጣና አቧራውን ያላቁጠዋልና።

ከከባድ መኪና ጋር ያለዎት ነገር አንድ ሐሳብ ይጠይቃል፦ ቁልቁል የሚወርድ ተሳቢ ከኋላዎ ካለ ሊቆምልዎ አይችልም ብለው ያስቡ። ቀድመውት ፊቱ ገብተው ፍሬን አይርገጡ። ከኋላዎ ጢስ እያጨሰና ክላክስ እያሰማ የሚመጣ ካለ ሰፊ ቦታ ላይ ዳር ይዘው ያሳልፉት፣ ክርክር የለም። ከፊትዎ በዝግታ የሚወርደውን ሲኖትራክ ደግሞ አይቸኩሉበት፤ እሱ በሞተር ይዞ እየወረደ ነው፣ ትክክለኛውን ፍጥነት እያሳየዎት ነው። ስልሳ ሜትር ያህል ርቀው ይከተሉት። መቅደም ካለብዎ ኩርባው አልቆ የሚመጣው መንገድ በዓይንዎ ሲታይ ብቻ ነው። የፊተኛው ሹፌር ፍሬቻ ቢያሳይዎ አንዱ «እለፍ» ሲል ሌላው «ልታጠፍ ነው» ይላልና በእሱ አይመሩ። ጠባብ ቦታ ላይ ሲገናኙ ወራጁ ለወጪው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ዳገት ላይ የቆመ ጭነት መልሶ መነሣት ይቸግረዋል። ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ይቀመጣሉ፣ ምግብ የለመዱ በመሆናቸው ወደ መኪና ይሮጣሉ። ልጆቹ ከመስኮት ምንም እንዳይወረውሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፔዳሉ እንደገና ቢጠፋስ? ቶሎ ቶሎ ፓምፕ ያድርጉት፣ ግፊቱ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ቅጽበት ማንሻውን ወደ «ኤስ» ወይም «2»፣ ከዚያ ወደ «ቢ» ወይም «ኤል» ያውርዱ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን በአውራ ጣትዎ እንደተጫኑ በትንሽ በትንሹ ይሳቡ፤ በአንድ ጊዜ ከሳቡት የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፉና መኪናው ይዞራል። የእጅ ፍሬን በሽቦ ስለሚሠራ የፈላ ዘይት አያግደውም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጉዞው በፊት ዳገት ላይ መያዙን መፈተሽ ያለብዎትም ለዚህ ነው። ክላክስና አደጋ መብራት ያብሩ። ሞተሩን አያጥፉ። ምንም ካልቀረ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል፣ በዝግታ እየተጠጉ፣ የመኪናውን ጎን ከአፈሩ ጋር እያሻሹ ያቁሙት። ቦዩ ውስጥ መግባት፣ ብረት መጣመም፣ ይህ ሁሉ ይጠገናል።

ከድልድዩ በኋላ ደጀን ድረስ ያለው ዳገት የፍሬን ሳይሆን የራዲያተር ፈተና ነው። ድልድዩ በጥበቃ ሥር ስለሆነ ላዩ ላይ አይቁሙ። ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ኤሲ አጥፍተው ይውጡ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ 2500 ሜትር ላይ በክፍት ዕቃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ከዚህ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው፣ ስለዚህ ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ከመነሣትዎ በፊት ይቀየር። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ ማሞቂያውን ሙሉ ይክፈቱት፤ ለእናንተ ይከብዳል፣ ሞተሩ ግን ይቀልለዋል። አሁንም ከወጣ ዳር ይዘው ኮፈኑን ይክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ለሠላሳ ደቂቃ አይንኩ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል።

ጎማን በተመለከተ፦ አዲስ አበባ ላይ በቀዝቃዛው፣ በሹፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ ይሙሉት። በረሃው ውስጥ ጎማው ሲሞቅ «አብጧል» ብለው አየር አይልቀቁ፤ ወደ ላይ ሲወጡ የጎደለ ጎማ ይሆንብዎታል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይዩ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ከስድስት ዓመት ያለፈውን በዚህ መንገድ ላይ አላምነውም።

ለመካኒኩ የሚሰጡት ትእዛዝ እንዲህ ይሁን፦ ዘይቱ «ይሞላ» ሳይሆን በሙሉ ይውጣና ይተካ። ከታሸገ ዕቃ ዶት 4፣ አንድ ሊትር ይበቃል። ተከፍቶ የከረመ ዕቃ ውሃ ጠጥቷል፣ አይግዙት። ማጠራቀሚያው ተጠርጎ አዲስ ይሞላ፣ ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ በየተራ አየርና አሮጌ ዘይት ይውጣ፣ በየጎማው ንጹሁ ቀለም እስኪመጣ ድረስ። መሃል ላይ ማጠራቀሚያው ከደረቀ አየር ይገባል፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ማንኛውም የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ወደዚህ መስመር ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፣ ሥርዓቱ ሁሉ ይበላሻል። ቆመው ይዩ፤ የመጀመሪያው ጎማ ላይ የሚወጣው ዘይት ጥቁር ከሆነ ያለፈው ዓመት መልስዎ ያ ነው። የፊት ፓዶቹ ይቀየሩ፣ ዲስኮቹ ስንጥቅ እንዳላቸው ይታዩ፣ የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ሸራውና የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ይፈተሹ። ከዚያ በከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይንዱት፣ አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር ሳይላመድ በቀጥታ ወደ በረሃው አይወሰድም።

ይህ ምላሽ የማይሸፍነው አንድ ነገር የመንገዱ ፀጥታ ነው። በሚነሡበት ቀን ጠዋት በመንገዱ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ይጠይቁ፤ አስተማማኝ ካልሆነ የመኪናው ዝግጅት ምንም አይረዳዎትም። በደሴ ዞረው ለማምለጥም አያስቡ፤ በዚያ በኩል ጣርማበር አለ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፍ ሸዋ ሮቢት ድረስ የሚወርድ፣ ለፍሬን ከዓባይ በረሃ የማይሻል ቁልቁለት፣ ጉዞውም ይረዝማል።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዘይቱና ፓዱ ካልተቀየሩ ልጆችዎን ይዘው በዚህች መኪና ጎሐ ጽዮንን አይለፉ፤ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ይሂዱ። ከተቀየሩ፣ በቀን፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፎሌ ሳይነካ፣ በአርባ ይውረዱ። ሲመለሱም ያው ነው፦ ከደጀን የሚወርደው ከዚህኛው የማይተናነስ ነው፣ የሚገጥምዎትም ከባሕር ዳር ተነሥተው ሰዓታት ነድተው ሲደክምዎ ነው። ደጀን ላይ ቆመው ሻይ ይጠጡ፣ ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ሠላሳ ሰከንድ ረግጠው ይፈትሹ፣ ማንሻውን ከከተማው ሳይወጡ ያውርዱት።